የድሮ መኪና መሪ ሲሰነጠቅ፦ ፒሲ-7 ኢፖክሲን ሠርቼበት አየሁት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የድሮ መኪናችሁ መሪ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ጠንካራ ጎማ ከሆነ፣ ተሰነጣጥቆ ግን የውስጥ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ፣ ፒሲ-7 የሚባለው ባለ ሁለት ቆርቆሮ ኢፖክሲ (ሁለቱ ክፍሎች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያና መሙያ) እኔ ከሞከርኳቸው መጠገኛዎች ሁሉ ይሻላል። ቀርፋፋ ነው። ያጨማልቃል። ቀለሙ አያምርም፣ ከደረቀ በኋላም ለብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ግን ይይዛል። መሪ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር መያዙ ነው።

እኔ የሠራሁበት የ1960ዎቹ ቮልስ መሪ ነው፤ ያ ቀጭኑ፣ ባለ ሁለት ክንዱ፣ ግማሽ ክብ የክላክስ ቀለበት ያለው። ሁለቱም ክንዶች ከዙሪያው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፣ ከላይ ፀሐይ በሚመታው በኩልም እንዲሁ። አንዳንዱ ስንጥቅ ጥፍር ያስገባል። አዲስ ቅጂ ግዛና ተገላገል ያሉኝ ነበሩ፣ ምክራቸውም ስህተት አይደለም፣ ለብዙ የታወቁ ሞዴሎች ቅጂ ይሠራል። እኔ ግን ኦሪጅናሉ የሚድን ከሆነ ይዳን ባይ ነኝ። መኪና ስትነዱ ከመሪው በላይ የምትነኩት ነገር የለም፤ ውፍረቱ፣ ክብደቱ፣ እጅ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት የመኪናው ግማሽ ባህርይ ነው፣ ያንን ደግሞ በቅጂዎች ላይ ሁልጊዜ አላገኘሁትም።

ስለ ኢፖክሲው ከማውራቴ በፊት ስንጥቁ ከየት እንደሚመጣ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን መሪዎች በአብዛኛው ውስጣቸው ብረት ነው፣ ፕላስቲኩ ወይም ጎማው በቅርጽ ፈስሶ ብረቱን ያለብሰዋል። ብረትና ፕላስቲክ ደግሞ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መሪ ዙሪያው ወደ 1 ሜትር ከ25 ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ የመሪው ሙቀት በ50 ዲግሪ ቢጨምር፣ ያ ሁሉ ብረት አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው የሚረዝመው። እንደ ሴሉሎስ አሲቴት ያለው ፕላስቲክ ብቻውን ቢሆን ግን ወደ 6 ሚሊሜትር ይረዝም ነበር። ሲበርድ ደግሞ በዚያው ልክ መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ብረቱ ግን አይለቀውም። ይኼ በየቀኑ ነው፣ ለስንት ዓመት። በዚያ ላይ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ነገር በጊዜ ብዛት እየተነነ ይወጣል፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ ጭንቁ በበዛበት ቦታ ይተረተራል። ከዚያ ላብና እርጥበት ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ስንጥቁን ከውስጥ እየገፋ ያሰፋዋል።

ጉልበቱንም አትርሱ። ክራይስለር የኃይል መሪን (ለማዞር ጉልበት የሚያግዘውን) ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 በኢምፔሪያል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ትናንሾቹ መኪኖች ለብዙ ዓመታት በክንድ ጉልበት ነው የተጠመዘዙት። መሪው ትልቅ የሆነውም ለዚህ ነው። የቆመ መኪና ለማዞር በሁለት እጅ ስትጎትቱት ዙሪያው ትንሽ ይታጠፋል፣ የሞላችሁት ነገርም አብሮ ይጎተታል።

ስለዚህ ላዩን መለሰን ጥገና አይባልም። መያዝ ያለበት ከብረቱ ጀምሮ ነው።

ስቱኮ እዚህ ቦታ የለውም። ስቱኮ በሰፊ የመኪና ገላ ላይ በስሱ ተቀብቶ ከቀለም ሥር እንዲቀመጥ የተሠራ ነገር ነው፤ ቀጭንና የሚጎተት ነገር ላይ ይሰባበራል። የኔን መሪ ከኔ በፊት የነበረ ሰው በስቱኮ ሞልቶት ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ቁራጩ ሳይሰበር እንዳለ ተነቅሎ ወጣ፣ ዝገቱም ከሥሩ አልተነካም ነበር። ሱፐር ግሉ ለፀጉር ስንጥቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ ክፍተት አይሞላም፣ ሲደርቅም ተሰባሪ ነው። በ5 ደቂቃ የሚጠነክሩት ኢፖክሲዎች ደግሞ ገና ሁለተኛው ስንጥቅ ላይ ሳትደርሱ ይይዛሉ፣ ተረጋግታችሁ ወደ ውስጥ ለመግፋት ጊዜ አይሰጡም። የቆዳም ሆነ የፕላስቲክ ሽፋን አልብሶ መንዳት በጣም የተለመደ ነው፣ እኔ ግን በፍጹም አልመክረውም። ስንጥቁ ከሥር ይቀጥላል፣ እርጥበት ይታመቃል፣ የምታዩት ነገር ግን የለም።

ፒሲ-7ን የወደድኩት ቀርፋፋ በመሆኑ ነው። ሁለት ቆርቆሮ አለው፣ ከሁለቱም እኩል መጠን ወስዳችሁ ትቀላቅላላችሁ፣ አንድ ለአንድ። ወፍራም ሊጥ መሳይ ነገር ስለሆነ ቀጥ ባለ ቦታ ላይ ቢለጠፍም አይንጠባጠብም፤ ለመሪ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው፣ ክብ ነገር ላይ የትኛውም አቅጣጫ ታች ሊሆን ይችላልና። ከተቀላቀለ በኋላ መደበኛ የክፍል ሙቀት ላይ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ያሠራል። ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ደግሞ 24 ሰዓት። ሲደርቅ መጠኑ አይቀንስም፣ ማለትም ዛሬ የሞላችሁት ነገ ጎድጉዶ አታገኙትም።

አሁን ወደ ሥራው። መሪውን ከመኪናው ላይ ሳታወርዱ አትጀምሩ፣ አቧራውም ኢፖክሲውም ክሩስኮቶውን ያበላሸዋል፣ በዚያ ላይ የጀርባውን ስንጥቅ አታዩትም። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። የክላክሱን ቁልፍ አውጡና ከሥሩ ያለውን ዳዶ ፍቱ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፣ ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ፤ ካለበለዚያ ስትስቡት መሪው በድንገት ለቆ ፊታችሁን ይመታል። ከመውጣቱ በፊት ዘንጉና መሪው ላይ ትይዩ ምልክት አድርጉ። ቮልስ ላይ ብዙ ጊዜ እየወዘወዙ ሲስቡት ይወጣል፣ ሌሎች መኪኖች ፑለር (መሪውን ከዘንጉ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ይፈልጋሉ። እምቢ ካለ በመዶሻ ዘንጉን መምታት የለም! በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ የተሠራ ዘንግ አለ፤ ጀነራል ሞተርስ በ1967 ሞዴሎቹ ላይ አስገባው፣ አሜሪካ ደግሞ ከጃንዋሪ 1968 ጀምሮ ለቤት መኪኖች ግዴታ አደረገችው። እንዲህ ያለውን ዘንግ በመዶሻ ስትመቱት ለግጭት ቀን የተቀመጠውን ክፍል ልትሰብሩት ትችላላችሁ።

ከወረደ በኋላ ብረቱን በደንብ እዩት። የመሃሉ ጥርሶች ተበልተው ከሆነ፣ ክንዱ ከመሃሉ የተበየደበት ቦታ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ዝገቱ ብረቱን በልቶት ካቀጠነው፣ በቃ እዚህ ላይ አቁሙ። ኢፖክሲ የተሰበረ ብረት አይተካም፣ ይኼ መሪ ነው፣ የሰው ሕይወት የሚይዝ ነገር ነው። ሌላ ምልክት ደግሞ ሽታው ነው። መሪው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ወይም የተበላሸ ቅቤ የሚሸት ከሆነና ፕላስቲኩ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ፣ የሴሉሎስ ፕላስቲክ ራሱን እያፈረሰ ነው። እንዲህ ያለውን ብትሞሉት አጠገቡ ይሰነጠቃል። ያለው መፍትሔ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ገፍፎ እንደገና በቅርጽ የሚያፈስ ባለሙያ ጋ መላክ ነው።

ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ስንጥቁን ማስፋት ትጀምራላችሁ። ሰው እዚህ ላይ ይፈራል፣ የባሰ የሚያበላሸው ይመስለዋል። ግን ያለዚህ አይሆንም። በብረት መጋዝ ወይም በሦስት ማዕዘን ሞረድ ስንጥቁን እስከ ብረቱ ድረስ ክፈቱት፣ ላዩ ሰፋ ያለ፣ ታቹ ጠበብ ያለ ሆኖ። ላዩ ላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ስፋት ይበቃል። ስንጥቁ ክንዱን ዞሮ ጀርባ ከገባ እናንተም ዞራችሁ ተከተሉት። ፕላስቲኩ ከብረቱ ለቆ የሚነቃነቅ ቁራጭ ካለ አውጡት፣ ማዘን አያስፈልግም። የታየውን ብረት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱት። ከዚያ ቅባቱን በአልኮል ጥረጉ፣ የብዙ ዓመት የእጅ ቅባት አለበት፣ በዚያ ላይ የክሩስኮቶ ማብሪያ ቅባት የነካው መሪ ከሆነ ደጋግማችሁ ጥረጉ። አሴቶንና ጠንካራ ቲነር ግን አርቁ። ሴሉሎስ አሲቴት በአሴቶን ይሟሟል፣ መሪው በእጃችሁ ላይ ይለሰልሳል።

ሲቀላቀል ጓንት አድርጉ። ኢፖክሲ ቆዳን እያስቆጣ ቆይቶ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። ሁለቱን ክፍል ካርቶን ላይ አድርጋችሁ አንድም መስመር እስከማይታይ፣ ወጥ ጥቁር ግራጫ እስኪሆን አሹት። መጀመሪያ ትንሽ ወስዳችሁ ብረቱ ላይ ተጭናችሁ እሹበት፣ ከዚያ ነው መሙላት። በአንዴ ከጫናችሁት ከሥሩ አየር ይቀራል፣ ያ ባዶ ቦታ ሲሞረድ እንደ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ከላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ጓንታችሁን በአልኮል አርጥባችሁ ስታለሰልሱት አይጣበቅም፣ በኋላ የሞረድ ሥራ ይቀንስላችኋል።

ከዚያ ተዉት። 24 ሰዓት ሲባል 24 ሰዓት ነው፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። ሳይጠነክር የተሞረደ ኢፖክሲ ሞረዱን ይደፍነዋል፣ ዳሩም ይነሳል።

ስለ መሞረዱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ጥገናው ውብ ወይም ጎርባጣ የሚሆነው እዚህ ነው። ፒሲ-7 ከደረቀ በኋላ ከአሮጌው ፕላስቲክ ይጠነክራል። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን በጣታችሁ ብቻ ይዛችሁ ብታሹት ወረቀቱ ለስላሳውን ፕላስቲክ ይበላና ኢፖክሲውን ጉብ አድርጎ ይተወዋል። በዓይን ላይታይ ይችላል፣ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። መጀመሪያ በሞረድ ኢፖክሲው ላይ ብቻ ሥሩ፣ ከፕላስቲኩ ጋር ሊስተካከል ጥቂት ሲቀረው አቁሙ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ረጅምና ቀጭን አድርጋችሁ ቁረጡና ዙሪያውን አቅፋችሁ በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ክቡን ክብ አድርጎ የሚያወጣው ይኼ ነው። 80 ቁጥር፣ ከዚያ 120፣ 180፣ 220 እያላችሁ ውጡ። ጀርባው ላይ የጣት ማረፊያ ጎድጓዳ ካለው በክብ ሞረድ አንድ በአንድ መልሱ፣ አሰልቺ ነው፣ ግን መሪውን ሲይዙት ጣት ቦታውን የሚያገኘው በዚህ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መዳፋችሁን ዙሪያውን አስኪዱት። የሚቆረቁር ካለ ገና ነው። አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ማስክ አድርጉ።

አንድ ዙር አይበቃም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል፣ ሌላ ስንጥቅ ደግሞ ከቆሻሻው ሥር ብቅ ይላል። ሁለተኛ ሙሌት፣ ሌላ 24 ሰዓት። የምርቱ ትልቁ ድካም ይኼ ነው፣ መኪናውን በየቀኑ የምትነዱት ከሆነ ሌላ መሪ በጊዜያዊነት ካልገጠማችሁ አይመችም።

ሌላው ቅሬታዬ ውፍረቱ ነው። ለትልቅ ክፍተት ያመቸው ውፍረት የፀጉር ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ ወይ ከፍታችሁ ማስፋት አለባችሁ፣ ወይ ለነሱ ብቻ ቀጭን ኢፖክሲ መፈለግ። ቀለሙም ጥቁር ግራጫ ስለሆነ ክሬም ወይም ነጭ መሪ ላይ ስትሠሩ እድፍ ይመስላል፣ በደንብ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ይፈልጋል። ያለ ቀለም የሚተው ነገር አይደለም፣ ኢፖክሲ ፀሐይ ሲበዛበት ላዩ ይደበዝዛል። ሲበርድ ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ስለሚጠጥር እኩል መጠን መለካቱ ትግል ይሆናል፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። የሁለቱን ቆርቆሮ ክዳን እንዳታቀያይሩ፣ አንዱ ሌላውን ከነካው ክዳኑ ይጣበቅና ቀጣዩን ሥራ ያሳጣችኋል።

ቀለሙ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ባጭሩ። ወፈር ያለ፣ ጭረት የሚሞላ ፕራይመር ንፉ፣ በላዩ ሌላ ቀለም በስሱ ርጩበትና በ320 ከዚያ በ400 አሹት፤ ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ቀለም የት መሙላት እንዳለባችሁ ያሳያል። ለመጨረሻው ቀለም እኔ ባለ ሁለት ክፍሉን፣ ማጠንከሪያ ያለውን የመኪና ቀለም ነው የምመርጠው። ተራ የቆርቆሮ ስፕሬይ መጀመሪያ ያምራል፣ የእጅ ላብና ቅባት ግን ያለሰልሰዋል፣ መጀመሪያ የሚለቀውም እጅ በሚያርፍበት በኩል ነው። ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው፣ ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ተራ ማስክ አይበቃውም። ትክክለኛው የአየር መሣሪያ ከሌላችሁ ለቀለም ባለሙያ ስጡት፣ የተዘጋጀ መሪ መቀባት ለሱ ትንሽ ሥራ ነው። አንጸባራቂውን ትቶ ለስለስ ያለውን ብታስቀቡት ደስ ይለኛል፤ መስታወት የሚመስል መሪ ፀሐዩን ዓይን ውስጥ ይመልሳል፣ እጅ ላይም ያዳልጣል። ከተቀባ በኋላ ሲነካ ደረቀ ብላችሁ ወዲያው አትግጠሙት።

ይኼ ሁሉ ለጠንካራ መሪ ነው። ለእንጨት መሪ ሌላ ሥራ ነው፣ ቫርኒሹን አንስቶ፣ የተለቀቀውን መጋጠሚያ አጣብቆ፣ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ መልሶ መቀባት። ለቆዳ ማጽዳት፣ መሙላትና ማቅለም፣ ካልሆነም በአዲስ ቆዳ ማሰፋት። በስፖንጅ የተሠራው ለስላሳ መሪ ላይ ደግሞ ፒሲ-7 ደረቅ ስለሚሆን አብሮ አይተጣጠፍም። ኤርባግ ያለውን መሪ ከናካቴው አትንኩ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ መኪኖችም አሁን ክላሲክ እየተባሉ ነውና ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ።

የኔ ጥገና እስካሁን በፀሐይም በብርድም አልተከፈተም። ከተሞላው ቦታ ራቅ ብሎ አንድ አዲስ ቀጭን መስመር ታይቷል፣ ያ የአሮጌው ፕላስቲክ ነው፣ ኢፖክሲውን አልወቅስበትም። መኪናውን ጥላ ሥር ማቆም ወይም መስታወቱን መሸፈን ከየትኛውም ምርት በላይ የመሪውን ዕድሜ ያረዝማል።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ የፍሬቻው ዘንግ መሃል ላይ ሆኖ ይሁን፣ ካልሆነ ፍሬቻውን የሚመልሰው ክፍል ሊሰበር ይችላል። ምልክቶቹን አገናኙ፣ ዳዶውን የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ባትሪውን መልሱና ክላክሱን ሞክሩ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፣ ፍሬቻው በሁለቱም በኩል በራሱ መመለሱን እዩ። መሪው ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቃነቅ ከሆነ መኪናውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ፤ አውርዱና ጥርሶቹ ላይ በትክክል መቀመጡን እንደገና ተመልከቱ።